ስለ አጭሩ የመርከብ መድፍና ስለ ብረት ሠሪው ክብር

(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን አባሎች ነፍሳቸውን ይማርልን። ለንግግር የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ ነገር ሳናበዛ ወደ ጉዳያችን እንገባለን።

የዛሬው ርእሳችን የመርከብ መድፍ ነው። ይህን ስትሰሙ «ደገኛንና ባሕርን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ላስታ ባሕር የለውም። ይሁን እንጂ የመርከብ መሣሪያ በታሪክ ወደዚህ ወደኛ ደጋ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ተጭኖ መጥቷል። ከመርከቡ አጭር መድፍ ጋር በባሕርይው የሚዛመድ አንድ ትልቅ መድፍ ደግሞ በገዛ አገራችን ተሠርቶ እዚሁ ወሎ ላይ ቀርቷል። ከዚህም ሌላ፣ በነገሩ መጨረሻ የምናነሣው ቁም ነገር የቅሬያችንን መተዳደሪያ ደንብ የሚነካ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡን።

በንግግራችን ውስጥ የፈረንጅ አገር ነገር ስንጠቅስ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ስንጠቅስ በአገራችን አቆጣጠር እንደምናስቀምጥ ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አጭሩ መድፍ ምን ዓይነት ነበር?

መርከብ በሸራና በነፋስ ይሄድ በነበረበት ዘመን የጦር መርከብ ማለት በውሃ ላይ የቆመ የእንጨት ምሽግ ነበር። በግራና በቀኝ ጎኑ መስኮት ተከፍቶለት በየመስኮቱ መድፍ ይደረደራል። የመድፉ ትልቁ ጣጣ ክብደቱ ነው። 32 ፓውንድ፣ ማለት 14 ኪሎ ተኩል የሚመዝን አረር የሚተኩሰው ረጅሙ መድፍ ብቻውን 28 ኩንታል ያህል ይመዝናል። እንዲህ ያለውን መድፍ ከታችኛው ወለል ካልሆነ በስተቀር ከላይ ቢደረድሩት መርከቡ አናቱ ከብዶ ይገለበጣል። ስለዚህ በላይኛው ወለል ላይ የሚቀመጠው ትንንሹ መድፍ ብቻ ነበር። ሰውም ይፈጃል፤ አንዱን ትልቅ መድፍ ለማጉረስ፣ ለመግፋትና ለማነጣጠር ከአሥር የማያንሱ ሰዎች ያስፈልጉ ነበር።

በስኮትላንድ አገር ፎልከርክ በሚባል ከተማ አጠገብ ካሮን የተባለ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ በ1759 ተቋቋመ። ይህ ፋብሪካ በ1770ዎቹ ውስጥ አንድ አዲስ መድፍ አወጣ። ሐሳቡን ያመነጨው ሮበርት ሜልቪል የሚባል ጄኔራል እንደሆነ ይነገራል፤ ሥራውን ከግብ ያደረሰው ግን የፋብሪካው ኃላፊ የነበረው ቻርልስ ጋስኮይን ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1779 መድፉን ተቀብሎ በመርከቦቹ ላይ ያስቀምጠው ጀመር። ስሙም ከፋብሪካው ስም ተወስዶ «ካሮኔድ» ተባለ። ይህችን የስም ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

የካሮኔድ ብልሃቱ ምን ነበር? አንደኛ፣ በርሜሉ አጭርና ስስ ነው። ያንኑ 32 ፓውንድ አረር የሚተኩሰው ካሮኔድ ክብደቱ ከ9 ኩንታል አይበልጥም። ሁለተኛ፣ በአረሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ሆኖ ስለተሠራ የባሩዱ ኃይል በጎን እየሾለከ አይባክንም። በዚህ ምክንያት ረጅሙ መድፍ ከሚበላው ባሩድ ሩቡ ያህል ይበቃዋል። ሦስተኛ፣ በአራት ጎማ በሚንከባለል ጋሪ ፈንታ በእንጨት ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተት አልጋ ተደረገለት። በዚህም የተነሣ ግማሽ ያህል ሰው ይበቃው ጀመር። እንግዲህ ያው አረር በሲሶ ክብደት፣ በሩብ ባሩድ፣ በግማሽ ሰው ተተኮሰ ማለት ነው።

ታዲያ በነጻ የሚገኝ ነገር የለምና ዋጋው ርቀት ሆነ። የካሮኔድ ኃይል እስከ ጥቂት መቶ ሜትር ድረስ ነው። የቅሬያችን ለፋፊ ከማዶ ሆኖ ሲጣራ በሚሰማበት ርቀት ያህል ብትሉት አትሳሳቱም። ከዚያ ካለፈ አረሩ ዒላማውን እየሳተ ባሕር ውስጥ ይገባል። በቅርብ ከሆነ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው። ፈጣን አረር እንጨቱን በስቶ ያልፋል፤ ከባድና ቀርፋፋው አረር ግን ሳንቃውን ይሰባብረዋል። የተሰነጠረው እንጨት እንደ ጦር እየተወረወረ በመርከቡ ውስጥ ያለውን ሰው ይወጋዋል። መርከበኞቹ መድፉን «ሰባሪው» እያሉ የሚጠሩት ለዚህ ነበር።

ይህ መድፍ ስላደረገው ሦስት ነገር ብቻ እንናገር።

በ1782 ሬይንቦ የምትባል የእንግሊዝ መርከብ መድፎቿ በሙሉ ተነሥተው በካሮኔድ ተተክተው ወጣች። ኤቤ የምትባለውን የፈረንሳይ መርከብ አግኝታ ከፊት ባሉት መድፎች ተኮሰችባት። የፈረንሳዩ አዛዥ የወደቀውን አረር ትልቅነት ሲያይ፣ «ከፊቷ ይህን የምትተኩስ መርከብ ከጎኗ ምን ልትተኩስ ነው?» ብሎ ትልቅ የጦር መርከብ መስላው ብዙ ሳይቆይ እጁን ሰጠ። በአረሩ ትልቅነት ብቻ ተሸነፈ ማለት ነው።

በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ጊዜ የኔልሰን መርከብ ቪክቶሪ ከፊቷ ሁለት ትልልቅ ካሮኔዶች ነበሯት፤ አረራቸው 68 ፓውንድ፣ ማለት 31 ኪሎ ያህል ነበር። ቪክቶሪ በፈረንሳዩ መሪ መርከብ በቡሳንቶር ኋላ በኩል ስታልፍ፣ አንደኛው ካሮኔድ ከትልቁ አረር ጋር 500 የጠመንጃ ጥይት የተሞላ በርሜል ጎርሶ በመስኮቶቹ በኩል ወደ ውስጥ ተኮሰ። የሞተውና የቆሰለው ብዙ ነው።

ሦስተኛው የውድቀት ታሪክ ነው። ኤሴክስ የምትባል የአሜሪካ መርከብ ከ46 መድፎቿ 40ዎቹ ካሮኔዶች፣ ረጅሞቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። አዛዡ ዴቪድ ፖርተር ረጅም መድፍ እንዲሰጠው ለአለቆቹ አመልክቶ አልተፈቀደለትም። በ1814 በቺሊ አገር በቫልፓራይሶ ወደብ አጠገብ ሁለት የእንግሊዝ መርከቦች አገኙት። ነፋስ የመርከቧን ምሰሶ ሰብሮባት ስለነበር ወደ ጠላት መቅረብ አልቻለችም። እንግሊዞቹ ነገሩ ገብቷቸው ከሩቅ ቆመው በረጅም መድፍ ይቀጠቅጧት ጀመር። ኤሴክስ 40 ኃይለኛ መድፍ ይዛ አንዱም ሳይደርስላት 58 ሰው ሞቶባት እጇን ሰጠች። በኛ አገር «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይባላል፤ ካሮኔድም ጎረቤት ነው፣ ቅርብ ከሆነ ይደርሳል፣ ከራቀ አይደርስም።

በ1800ዎቹ አጋማሽ ፈንጂ አረርና ውስጡ የተሞረደ መድፍ ሲመጣ የካሮኔድ ዘመን አበቃ። ካሮን ፋብሪካ ግን ሌላ ሌላውን የብረት ሥራ እየሠራ እስከ 1982 ድረስ ቆይቷል። ከ200 ዓመት በላይ ማለት ነው።

የመርከብ መድፍ ወደ ደጋ ሲወጣ

ካሮኔድ ከመሠራቱ ከ200 ዓመት በፊት በአገራችን የመርከብ መድፍ ታይቷል። በ1533 ዓ.ም. ክረምት የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች አስከትሎ ከምጽዋ ወደ ደጋው ተነሣ። ከመርከቦቹ የወረዱ ትንንሽ መድፎችም ይዞ ነበር። እነዚህ መድፎች በቅርብ ርቀት በመርከብ ላይ ያለውን ሰው ለመምታት የተሠሩ ነበሩ። ተራራው ሲጠና መድፉ በሰው ትከሻ ጭምር ይወጣ ነበር።

መጀመሪያ ላይ መድፉና ነፍጡ ተሳካለት፤ በ1534 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ኢማም አሕመድ ራሱ ቆሰለ። ኢማሙም ከባሕር ማዶ ከቱርኮች 900 ነፍጠኛና 10 መድፍ አስመጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ወፍላ ላይ ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፤ ክሪስቶቮም ተማርኮ ተገደለ። ከሞት የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተሰልፈው በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማም አሕመድ ወደቀ።

ይህን ያነሣነው የማን ድል እንደሆነ ለመከራከር አይደለም። ልብ እንድንል የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ወገን መድፉን ያገኘው ከባሕር ማዶ ነው። መድፉ ሲያልቅ ወይም ሲሰበር የሚተካው ሌላ መርከብ ሲመጣ ብቻ ነበር። መድፍ መጣ እንጂ መድፍ ሠሪ አልመጣም።

የጋፋቱ ሴባስቶፖል

ከዚያ በኋላ 300 ዓመት አለፈ። ይህን ነገር አጥብቀው ያሰቡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። «መድፉን ሳይሆን ሠሪውን ስጡኝ» የሚል ሐሳብ ነበራቸው ብንል ስሕተት አይሆንም፤ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. ደብዳቤ ልከው መልስ ሳይመጣላቸው መቅረቱና ከዚያ የተነሣውም ጣጣ የታወቀ ነው።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በሚባለው ቦታ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለ እጆች ሰፍረው ነበር። ከነሱ መካከል ቴዎፊል ዋልድማየር የተባለው ስለ ሥራው በኋላ ጽፏል። ሰዎቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማደልና የእጅ ሥራ ለማስተማር እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልነበረም። ንጉሡ ግን አስገደዷቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ተስፋ ሳይቆርጡ ደግመው ደጋግመው ሠሩ፤ በመጨረሻም ተሳካ። የአገር ልጆችም እዚያው እየተመደቡ ሥራውን እንዲማሩ ይደረግ ነበር። ከጋፋት ሥራዎች ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ነው። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1854 እና በ1855 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከበው ከደበደቡት የሩሲያ የባሕር ወደብ ነው።

ሴባስቶፖል ካሮኔድ አይደለም፤ ነገር ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ፈረንጆች እንዲህ ያለውን አጭርና አፈ ሰፊ መድፍ በቋንቋቸው በሙቀጫ ስም ይጠሩታል፤ ቅርጹ ሙቀጫ ነውና። በሸራ መርከብም ዘመን እንዲህ ያለውን ሙቀጫ መድፍ የሚሸከሙ ልዩ መርከቦች ነበሩ። ፈረንሳዮች በ1682 አልጀርስን የደበደቡት በነሱ ነው። አጭር በርሜል፣ ከባድ አረር፣ ውስን ርቀት፤ ይህ የሁለቱም ባሕርይ ነው።

ልዩነታቸው በክብደት ላይ ነው። የካሮን ሰዎች የደከሙት መድፉን ለማቅለል ነበር፤ ከ28 ኩንታል ወደ 9 ኩንታል አወረዱት። የጋፋቱ ግን 70 ኩንታል ያህል ሆነ። ለምን ቢባል፣ ካሮን የሠራው በየጊዜው እያሻሻለ፣ እየሞከረ፣ የተበላሸውን እየጣለ ነው። የሚሠራው ሰው፣ የድንጋይ ከሰሉ፣ የብረት ማዕድኑ፣ ገበያውም አጠገቡ ነበር። ጋፋት ግን ጥቂት ዓመት ብቻ የቆየ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ያለ፣ ጊዜ የከበደው ሥራ ነበር። ንጉሡ ብዙ መድፍ ለማሠራት ጊዜ ስላልነበራቸው አንድ ሁሉን የሚያስፈራ መድፍ ፈለጉ። ሬይንቦ በአረሯ ትልቅነት አስፈራርታ እንዳሸነፈች ሁሉ የቴዎድሮስም ተስፋ እንዲሁ የነበረ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እየተቃረብን ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቹን ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ጀመር። መንገድ የለም። በጨጨሆ በኩል ወጥተው የኛን ጎረቤት ዋድላን ተሻግረው፣ የጅጣን ገደል ወርደው ወጥተው፣ በደላንታ ሜዳ አልፈው፣ በሽሎን ተሻግረው ነው የደረሱት። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ ከጋሸና ወደ ደላንታ በመኪና የሚሄድ ሰው ያንን ገደል በመስኮት ቁልቁል ሲያይ ራሱ ይዞራል። ያኔ ግን 70 ኩንታል በጠፍር እየተሳበ ነው የወረደው። በአቀበቱ ብዙ መቶ ሰው ከፊት ይጎትታል፤ በቁልቁለቱ ብዙ መቶ ሰው ከኋላ ይይዛል። ንጉሡ ራሳቸው ወርደው በእጃቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ ይጠርጉ ነበር።

እኛ የደጋ ሰዎች ይህን ድካም ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመን ገደል ወጥተናል። አንድ ሰው እንኳ ለአራት ተይዞ፣ በየጥቂቱ እየተቀባበሉት፣ ትከሻ ይልጣል። 70 ኩንታል ብረት ሲሆን ምን እንደሚሆን አስቡት። የጎተቱት ሰዎች ስማቸው የትም አልተጻፈም።

የባሕሩ ጦር በደጋው ላይ

እንግሊዞች በዙላ በኩል ወርደው በጄኔራል ናፒየር አዛዥነት ሲመጡ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አምጥተው ከባዱን መድፍ አስጫኑ። ከአሸንጌ ሐይቅ አልፈው በዋግና በላስታ ደጋ በኩል አድርገው ወደ ዋድላ ወጡ። በዚያን ጊዜ ይህን አገር ይዘው የነበሩት ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት፣ ጦሩን ሳይወጉ አሳለፉት። ከጦሩ ጋር ከመርከብ የወረዱ የባሕር ኃይል ሰዎች ነበሩ። የያዙት የመርከብ ሮኬት ነው፤ በበቅሎ የሚጫን፣ ቀላል፣ ተንበልባይ መሣሪያ። ይህ ነው ሁለተኛው የባሕር መሣሪያ በደጋችን ያለፈው።

እጅግ የሚያሳዝነው ነገር ደግሞ ይህ ነው። እንግሊዞች ጅጣንና በሽሎን የተሻገሩት ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል ባስጠረጉት መንገድ ነው። መድፉን ያወጣው መንገድ ጠላቱንም አወጣው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ስቅለት ነበር፣ ጦሩ ከመቅደላ በታች አሮጌ በሚባለው ሜዳ ተገናኘ። የንጉሡ መድፎች ከፋላ አምባ ላይ ቁልቁል ተኮሱ፤ አብዛኛው በእንግሊዞቹ ራስ ላይ አልፎ ሄደ። ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ገና ሲተኮስ ራሱ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመሩት ቁልቁል የወረደው ጦር በአዲሱ ጠመንጃና በሮኬቱ ተመታ፤ ገብርዬም ወደቁ። በዚያች ቀን 700 ያህል ኢትዮጵያዊ ሲሞት ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ሰው ብቻ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

እንግሊዞች ሲመለሱ በመቅደላ ያገኙትን ብዙ መድፍ ሰባብረው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይና መጻሕፍት ጭነው ሄዱ። የጋፋቶቹን ባለ እጆችም ይዘዋቸው ወጡ። ሴባስቶፖል ስለከበደ እዚያው ቀረ፤ ዛሬም አለ። ምሳሌው ደግሞ በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። መድፉ ቀረ፣ ሙያው ግን ተሰደደ። በ1535 ዓ.ም. የነበርንበት ቦታ ላይ ተመለስን ማለት ነው።

ብረት ሠሪው የት ነበር?

አሁን በመጀመሪያ «ያዙልን» ወዳልናት ነገር እንመለስ።

ስኮትላንዶች መድፉን የሰየሙት በንጉሥ ስም አይደለም፣ በጄኔራልም ስም አይደለም። ብረቱ በቀለጠበት ቦታ ስም ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውስጥ አንድ መርከበኛ «ካሮኔድ» ባለ ቁጥር የብረት ሠሪዎቹን መንደር ይጠራል።

በኛ አገርስ? በኛ አገር ብረት ሠሪውን ምን እንል ነበር? ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ከዚያም አልፎ ቡዳ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እንል ነበር። በብዙ ቦታ ርስት ተነፍጓል፤ በጋብቻ ተገልሏል፤ በማኅበር ለብቻው እንዲቀመጥ ተደርጓል። ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ። ልጁ ስድቡን እየሰማ ሲያድግ ሙያውን ይጠላል፤ ጥሎት ይሄዳል። ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር ቴዎድሮስ መድፍ ሠሪ ከባሕር ማዶ ቢፈልጉ ምን ይገርማል? በደጃቸው የነበረውን ብረት ሠሪ አገሩ አዋርዶት ኖሯል። አባቱ ማረሻ ቢሠራ፣ ልጁ የተሻለ ቢሠራ፣ የልጅ ልጁ መድፍ ይደርስ ነበር። ካሮንም ያደገው በአንድ ቀን አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ ይህ ነገር ገብቷቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ግን ከአንዳንዱ አፍ ገና አልወጣም፤ ይህን እርስ በርሳችን ልንደባበቅ አይገባንም።

ይህን የሚናገር ከሌላ አገር ይልቅ የላሊበላ ሰው ነው መሆን ያለበት። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ አለት የተፈለፈሉት በምንድን ነው? በመሮ፣ በመጥረቢያ፣ በመዶሻ ነው። የመሣሪያው ጥርስ የነካው ምልክት ዛሬም በግድግዳው ላይ ይታያል። አባቶቻችን ሲነግሩን፣ ቀን ሰው ሲሠራ ይውላል፣ ሌሊት መላእክት ሲሠሩ ያድራሉ ይሉናል። እኛም ይህን እንቀበላለን። ቀን የሠራው ሰው ግን በእጁ ብረት ይዞ ነበር። ያ ብረት ይደንዛል፣ ይጣመማል፣ በየቀኑ ይሳላል። ያንን ሁሉ መሮ የቀጠቀጠው፣ የሳለው፣ ውሃ ያጠጣው ማን ነው? ቅዱስ ላሊበላን ስናከብር ያንን ሰው በልባችን አብረን ልናከብረው ይገባል።

ወደ ቅሬያችን እንምጣ። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚጠራው ምንድን ነው? ለፋፊ ነው። ቀጥሎ ዶማ፣ አካፋ፣ መቆፈሪያ ነው። የሀብታሙም የድኻውም መቃብር የሚቆፈረው በብረት ሠሪው እጅ በተሠራ መሣሪያ ነው። ዘመኑን ሙሉ ማረሻና ማጭድ እየሠራ አብልቶን፣ በመጨረሻም ማረፊያችንን የሚያስቆፍረን እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በኀዘን ድንኳን ውስጥ ከጥግ ማስቀመጥ ነውር ነው የምንለው።

በንብረት መዝገባችን ላይ ዶማው ስንት እንደሆነ፣ ድስቱ ስንት እንደሆነ፣ ድንኳኑ በስንት እንደተገዛ ተጽፏል። ማን እንደሠራው ግን አልተጻፈም። ሴባስቶፖልን የጎተቱት ሰዎች ስማቸው እንዳልተጻፈ ሁሉ ማለት ነው። መዝገብ ስንይዝ የኖርን ሰዎች ነንና፣ ያልተጻፈ ሰው ቶሎ እንደሚረሳ እናውቃለን።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን፤

1ኛ. አባልን በሙያው ወይም በአባቱ ሙያ የሰደበ ሰው፣ በቀብር ላይ ያልተገኘ አባል የሚከፍለውን ያህል መቀጫ እንዲከፍል በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ይጨመር።

2ኛ. በኀዘንም ሆነ በዝክር ቤት መቀመጫ በዕድሜ እንጂ በሙያ እንዳይለይ፤ የመቃብር ቦታም እንዲሁ።

3ኛ. የቅሬው ዶማ፣ መቆፈሪያና መጥረቢያ ሲሠራ ወይም ሲጠገን የሠሪው ስም ከዋጋው ጎን በመዝገብ ይጻፍ።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንደበትን መግታትና አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ አባሎች፣ መድፍ ይዝጋል፣ ይሰበራል፣ ዘመኑ ያልፍበታል። ካሮኔድ ዛሬ በሙዚየም ደጃፍ የተቀመጠ ብረት ነው፤ ሴባስቶፖልም መቅደላ ላይ ዝናብ ይመታዋል። መድፍ ይኑረን ብለን አይደለም ይህን ሁሉ የተናገርነው፤ አገራችን ጦርነትን ከበቂ በላይ አይታለች፣ ላስታም በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ምን እንዳየች ለናንተ አይነገርም። የምንለው፣ ብረትን ማረሻ የሚያደርግ እጅ እንዳይዋረድብን፣ ልጁም ሙያውን ጥሎ እንዳይሰደድብን ነው። ለዚህ አዋጅ ከላይ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ቅሬ ኃይሉ እንደዚያ አጭር መድፍ በቅርብ ነው፤ በጎረቤት ይጀምራል።

ሐሳቦቹን ጉባኤው ተወያይቶ እንዲወስንባቸው በትሕትና እናመለክታለን። የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም ለከርሞ በሰላምና በጤና ያገናኘን። አሜን።